የአንድ ቀን ጫጩት ወይስ የ45 ቀን? ከዋጋው በፊት ሙቀቱን አስሉ

የ45 ቀን ጫጩት ከአንድ ቀኑ በእጅጉ ይወደዳል። በጭማሪው ውስጥ መኖና ክትባት አለ፤ ጀማሪ የሚዘነጋው ግን ሙቀቱን ነው።

የአንድ ቀኑ 40 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ እንቁላል ጣይ ዝርያ በ45 ቀኑ 500 ግራም አካባቢ ይደርሳል። ሙቀት የሚመነጨው ከሥጋ፣ የሚወጣው በቆዳ ነው። ትንሹ ለእያንዳንዱ ግራም ሥጋው ከትልቁ 2.3 እጥፍ ያህል ቆዳ ለብርድ ያጋልጣል (የተከተፈ ድንች ከሙሉው ቀድሞ እንደሚበርደው)። የለበሰውም ለስላሳ ጠጉር እንጂ ላባ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ ወደ 20 ታወርዱታላችሁ።

የአንድ ቀኑን ከመረጣችሁ ቤቱን ከ24 ሰዓት በፊት አሙቁ። 5 ሴንቲሜትር ደረቅ ሰጋቱራ አንጥፉ፤ ለ50 ጫጩት አንድ 250 ዋት ቀይ የሙቀት አምፖል ከወለሉ 50 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ዙሪያውን በካርቶን ክብ አድርጋችሁ እጠሩት፤ ማዕዘን ካለ እዚያ ተደራርበው ይታፈናሉ። ቴርሞሜትሩን በጫጩቶቹ ጀርባ ቁመት አኑሩት፤ ጫጩቶቹንም እዩ። አምፖሉ ሥር ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። መብራት ሌሊት ቢጠፋ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥላችሁ፣ አየር መውጫ ሳትዘጉ አስገቡ፤ ጭሱ ቢጠፋም የማይታየው ጋዝ ይገድላል። መብራት በሌለበት የድርቆሽ ሳጥን (ዙሪያው በድርቆሽ የተጠቀጠቀ የጫጩት ማደሪያ) ይረዳል፦ ጫጩቶቹ ተጠጋግተው አንድ ትልቅ ገላ ይሆናሉ፣ ድርቆሹ ሙቀታቸውን ይይዛል።

መብራት ለማይታመንበት፣ ሌሊት የሚነቃ ለሌለውና ከ50 በታች ለሚገዛ የ45 ቀኑ ይሻላል፤ ውድነቱ አያስቆጭም። ስትገዙ ጥቂቶቹን በሚዛን መዝኑ፣ ጀርባቸው በላባ መሸፈኑን እዩ፣ የፈንግልና የጉምቦሮ (የሁለቱ ገዳይ የዶሮ በሽታዎች) ክትባት መዝገብ ጠይቁ። ከሙቀት መቼ እንደወጡም ጠይቁ፤ ትናንት ከአምፖል ሥር የወጣ ጫጩት ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቢያድር የመጀመሪያውን ሌሊት ላያልፍ ይችላል።

ቆላ ላይ ሂሳቡ ይገለበጣል። ዶሮ አያልበውም፤ ሙቀቱን በአብዛኛው በማለክለክ ያወጣል። ከ2 ኪሎ ያለፈ የሥጋ ዶሮ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፣ የሚያስወጣበት ቆዳ ግን አይበቃውም፤ በድሬዳዋ ዓይነት ሙቀት መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው። እዚያ ለምትሸጡ በ1.5 ኪሎ ማውጣት፣ የ45 ቀኖቹንም ጎህ ሲቀድ ማጓጓዝ ያዋጣል።