ኤሌክትሪክ መኪናዬ ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ ዓመት ሞላው፣ ብርዱን እንዴት ቻለው?

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናውን የገዛሁት ባለፈው ህዳር ነበር፣ ይሄው ሌላ ህዳርና ታህሳስ አለፈ፣ ስለዚ ሁለት የብርድ ወቅትና አንድ ሙሉ ክረምት ነድቼዋለሁ ማለት ነው። ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ነው፣ በ2016 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ሚያስብ ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ነው ሚመጣው፣ ጥያቄውም አንድ ነው፣ "አዲስ አበባስ እሺ፣ እዚህ ጎጃም በዚህ ብርድና ዳገት ይሆናል ወይ?" እና አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው አልኩ።

መኪናው የቻይና ኤስዩቪ ነው፣ ትልቅ ሚባል አይደለም፣ ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ሆኖ አይነቱ ኤልኤፍፒ (ከብረትና ፎስፌት የሚሰራው የሊትየም ባትሪ) ሚባለው ነው። ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ሙቀት ከውጭ አየር ስቦ በትንሽ ኮረንቲ ሚያሞቀው መሳሪያ፣ የለውም። ማሞቂያው እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ በቀጥታ ኮረንቲ እየበላ ነው ሚያሞቀው፣ እኔ ይሄን ያወቅኩት ከገዛሁ በኋላ ስለሆነ እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ደጋ ለሚኖር ሰው ከስክሪኑ ስፋትም ከቆዳ ወንበሩም በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። ሻጩ 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎኝ ነበር፣ ወረቀቱም እንደዛ ይላል፣ ግን 510 አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ያ ቁጥር ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የወጣ ነው፣ አነዳዱ ለስለስ ያለ ስለሆነ ከአውሮፓው መለኪያ ከደብሊውኤልቲፒ ከፍ ያለ ቁጥር ነው ሚሰጠው። የኔ ቁጥር ይሄ ነው፦ በደረቅ አስፋልት ከ70 እስከ 80 እየነዳሁ 390 አካባቢ፣ በብርድ ጠዋት ከተማ ውስጥ አጭር አጭር ስመላለስ ደግሞ ወደ 290 ይወርዳል። የመቶ ኪሎ ሜትር ልዩነት ማለት ነው፣ ያውም በረዶ በሌለበት አገር።

ስለ ብርድ ሳወራ አንድ ነገር ግልጽ ላርግ። የአክስቴ ልጅ ኦስሎ ነው ሚኖረው፣ እሱም ኤሌክትሪክ ነው ሚነዳው፣ እዛ በ2024 እ.ኤ.አ ከተሸጡት አዲስ መኪኖች ከመቶ ወደ 89ኙ ኤሌክትሪክ ናቸው። እሱ "ክረምት" ሲለኝ በረዶ ነው ሚያወራው፣ እኔ ክረምት ስል ዝናብና ጭጋግ ነው፣ መጀመሪያ ላይ በስልክ ሳንግባባ ቆይተናል። የኛ እውነተኛ ብርድ ሰማዩ ጥርት ባለበት ህዳርና ታህሳስ ነው፣ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መኪናው 6 ወይ 7 ዲግሪ ያሳየኛል፣ አራት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ጃኬት ይወልቃል። የሱ ብርድ ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ስለዚ የኖርዌይን ቁጥር አንስቶ ጎጃም ላይ መለጠፍ ልክ አይደለም፣ ግን ምክንያቱ አንድ ስለሆነ ብዙ ተምሬበታለሁ።

የኖርዌይ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን በየክረምቱ መኪኖችን አሰልፎ ባትሪ እስኪያልቅ ይነዳቸዋል፣ በ2020 እ.ኤ.አ ሃያ መኪና ሞክረው በአማካይ ከወረቀቱ 18.5 ፐርሰንት ቀንሶ ነው ያገኙት። በ2019 እ.ኤ.አ ደግሞ የአሜሪካው የመኪና ነጂዎች ማህበር ትሪፕል ኤ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ሞክሮ ማሞቂያ ተከፍቶ 41 ፐርሰንት፣ ማሞቂያ ተዘግቶ 12 ፐርሰንት ብቻ ቀነሰ ብሏል። ይቺን ቁጥር አስተውሏት። ብርዱ ራሱ ሚወስደው 12 ነው፣ ቀሪውን ሚወስደው እኛ እንድንሞቅ ምንከፍተው ማሞቂያ ነው። የነዳጅ መኪና ሞተሩ ሙቀት ስለሚያባክን በነጻ ያሞቀን ነበር፣ ኤሌክትሪኩ ሚያባክነው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ከባትሪው ቀንሶ ነው ሚሰጠን።

እኔም ጋ ያየሁት ይሄንኑ ነው። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ከዛ ባለቤቴን ስራ ቦታዋ፣ ከዛ እኔ ገበያ፣ እያንዳንዱ ሁለትና ሶስት ኪሎ ሜትር ነው። ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር ወደ 3 ኪሎዋት ይስባል፣ መኪናው ሲሞቅ ደርሰን እናጠፋዋለን፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና እናስነሳዋለን፣ እንደገና ከዜሮ። እንደዚህ ስውል በመቶ ኪሎ ሜትር 20 እና 21 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ያው መኪና በረጅም መንገድ 15 ነው ሚበላው ምክንያቱም አንዴ ከሞቀ ሙቀቱን ለመጠበቅ ትንሽ ነው ሚፈልገው። ስለዚ አሁን ምናረገው መኪናው ገና ቻርጅ ላይ እንደተሰካ ከመውጣታችን አስር ደቂቃ በፊት ማሞቂያውን ከፍተን መተው ነው፣ ያኔ አብዛኛው ሙቀት ከግድግዳው ኮረንቲ ነው ሚመጣው ከባትሪው አይደለም። በስልክ ማስነሳት ይቻላል ተብሎ ነበር፣ አፑ ግን እዚህ አልሰራልኝም፣ ጋቢዬን ደርቤ ወጥቼ ነው ማስነሳው። የወንበር ማሞቂያ ያለው መኪና ካገኛችሁ እሱን ያዙ፣ አየሩን ከማሞቅ ጋር ሲተያይ ሚበላው እዚህ ግባ አይባልም። እኔ ስለሌለኝ ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ጋቢ ሁሌ አለ፣ እናቴ ስትሳፈር ማሞቂያ አልከፍትም፣ እሷም ደረቁ ሙቀት ያፍነኛል ትላለች።

የጎማ ነገርም አለ፣ ሙቀት በ5 እና 6 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የጎማው የአየር ግፊት አንድ ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይወርዳል፣ ከሰዓት በሙቀት አስሞልታችሁ ጠዋት ለስላሳ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጠዋት ለኩት።

እውነተኛ ቅዝቃዜ ያየሁት ግን ባለፈው ታህሳስ ወደ ጮቄ ተራራ ግድም ስወጣ ነው። ከማርቆስ ወደ ሰሜን ረቡዕ ገበያን አልፎ አጎቴ ቤት ሄድን፣ ድንችና ገብስ አገር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከቤት 90 ፐርሰንት ይዤ ወጥቼ ስደርስ 74 ነበር፣ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ አስራ ስድስት ፐርሰንት፣ ዳገቱ ነው የበላው። መኪናውን ግቢ ውስጥ ሜዳ ላይ አቆምኩት፣ ከቤቱ ሶኬት ጋር ሰካሁት፣ ማታ ሶስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ እኛም ተኛን። ጠዋት ስወጣ ሳሩም መስታወቱም በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ መኪናው ከዜሮ በታች 2 ይላል። መብራት ንጋት ላይ መጥቶ ነበር፣ ቻርጀሩም በርቷል፣ ግን ፐርሰንቱ ለአርባ ደቂቃ ያህል አልነቃነቅ አለ። ተበላሸ ብዬ በጣም ነው የደነገጥኩት። ኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፣ የሊትየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ሊትየሙ ወደ ውስጥ መግባት ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፣ ያ ደግሞ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል፣ ስለዚ ኮምፒዩተሩ መጀመሪያ በሚመጣው ኮረንቲ ባትሪውን ያሞቃል ከዛ በኋላ ነው መሙላት ሚጀምረው። ኤልኤፍፒ ደግሞ በዚህ በኩል ከሌላው አይነት ይብሳል፣ ብርድ አይወድም። አጎቴ ቆሞ ሲያየኝ "በቅሎም ብትሆን በውርጭ ተነስታ ወዲያው ዳገት አትወጣልህም፣ አትቸኩል ልጄ" አለኝ፣ እና ልክ ነበር።

ስንመለስ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ቁልቁለት ላይ እግሬን ሳነሳ መኪናው ራሱን ይይዝና ኮረንቲ ይመልስ ነበር፣ ያን ለት ጠዋት ግን አልያዘም፣ የቀዘቀዘ ባትሪ ያንን ሁሉ ኮረንቲ አልቀበልም ስላለ። ፒስታ መንገድ ላይ፣ ቤተሰብ ጭኜ፣ የለመድኩት አያያዝ ሳይኖር ሲቀር ያስፈራል። በእግር ፍሬን ቀስ እያልኩ ወረድኩ፣ ትንሽ ከሄድን በኋላ ባትሪው ሞቀና መያዙን ጀመረ። ደጋ ላይ አድራችሁ ቁልቁለት ምትወርዱ ሰዎች ይሄን እወቁ፣ በተለይ ከላይ መቶ ፐርሰንት ሞልታችሁ አትውረዱ፣ የሞላ ባትሪም ልክ እንደቀዘቀዘው ሚቀበልበት ቦታ የለውም።

አሁን ሁሉም ሚጠይቀኝ አባይ በረሃ። መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ አዲስ አበባ አራት ጊዜ ደርሼ መጥቻለሁ፣ የመጨረሻውን በወረቀት ይዤዋለሁ። ከማርቆስ 100 ይዤ ወጣሁ፣ ደጀን 82፣ ታች የህዳሴ ድልድይ ጋ 87፣ ማለትም ስወርድ አምስት ፐርሰንት መለሰልኝ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ 69፣ አዲስ አበባ ስገባ 20። ከድልድዩ እስከ ጎሃ ጽዮን ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ አስራ ስምንት ፐርሰንት በላ። ይሄ የመኪናው ጥፋት አይደለም፣ ሰውና እቃ የጫነ ሁለት ቶን ነገር ወደ 1,400 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻውን 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ሌላው ለጎማውና ለአየሩ ነው። ሲወርድ የመለሰው ሲወጣ ከሚበላው ሲሶውን አይሞላም። ሚገርመው ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ ጠዋት ማርቆስ ላይ ማሞቂያ፣ አባይ ስር ስትደርስ ማቀዝቀዣ መክፈትህ ነው፣ ይሄን ኦስሎ ላለው ስነግረው ማመን አቃተው። ከሱ ምንበልጥበት ነገርም አለ፣ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠረፍ ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ መኪናውን ወደ ኋላ ሚገፋው ንፋስ ያንሳል፣ የነሱ የበረዶ አየር ደግሞ ይወፍራል። ሜዳው ላይ ፍጆታዬ ዝቅ ሚለው አንዱ ለዛ ይመስለኛል።

እና የኔ ትልቁ ችግር ብርድ አይደለም፣ ዳገትም አይደለም፣ ቻርጅ ነው። ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው ሚሰጠው፣ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ሰላሳ ሰዓት አካባቢ፣ መብራት ሳይሄድ። ማርቆስ ላይ ሰላሳ ሰዓት መብራት ሳይሄድ ብሎ ማቀድ አይቻልም፣ ስለዚ 50 ፐርሰንት ሲደርስ እሰካለሁ፣ ሁልጊዜ፣ ነገ እሞላለሁ ማለት ትቻለሁ። የ7 ኪሎዋቱን ቻርጀር ለመግጠም የመጣው ባለሙያ ከድሮው ሽቦ ጋር ሊቀጥልልኝ ነበር፣ ሶኬቱ ሲግል አይቼ አስቆምኩት። 32 አምፔር ለሰዓታት ሚሸከም ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ትክክለኛ የመሬት መስመር ያስፈልጋል፣ የቤት እሳት በዚህ ነው ሚነሳው እባካችሁ።

ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ተማምኜ ምቆምበት ፈጣን ቻርጀር ስለሌለኝ ጠዋት መቶ ሳልሞላ አልወጣም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ስህተት ሰርቼ ተማርኩ። ማታ ደርሼ ደክሞኝ መኪናውን ውጭ አሳድሬ ጠዋት ፈጣን ቻርጀር ጋ ስሄድ 60 ኪሎዋት ሊቀበል ሚችለው መኪና 28 ነበር ሚቀበለው፣ ሌሊቱን ባትሪው ቀዝቅዞ ስላደረ። በሚቀጥለው ጉዞ ከመንገድ እንደደረስኩ በሙቀቱ ሰካሁት፣ 57 ተቀበለ፣ ሻዩን ሳልጨርስ ግማሽ ደረሰ። ከሩቅ መጥታችሁ ከሆነ ከመተኛታችሁ በፊት ሙሉ። መሰኪያውንም እዩ፣ የቻይና መኪና ጂቢቲ ሚባለውን ነው ሚጠቀመው፣ ሁሉም ቻርጀር ላይ የለም።

ታዲያ ግዙ ወይስ አትግዙ? ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ባህር ዳር ግቢ ያለው፣ ሽቦውን በደንብ ማዘርጋት ሚችል ሰው ከሆነ በሁለት እጄ ግዛ ነው ምለው፣ ቤንዚን በጀሪካን ሲሸጥ በየቀኑ እያየን ነው፣ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ሰልፍ አልቆምኩም። ባህር ዳር ከሆነ ብርዱንም እርሱት፣ 1,800 ሜትር ላይ ማሞቂያ ብዙም አትነኩም። እንጅባራ ወይ ደግሞ ጮቄ ስር ምትኖሩ ግን ሂት ፓምፕ ያለው ካልሆነ አትግዙ፣ መኪናው ማደሪያ ጣራና ግድግዳ ይኑረው። የተከራየ ቤት ያለ ግቢ፣ ወይም በሳምንት ሁለቴ አዲስ አበባ ሚመላለስ ሰው ደግሞ በመንገዱ ላይ ቻርጀር እስኪተከል ይቆይ፣ ደጀን ላይ አንድ ጎሃ ጽዮን ላይ አንድ ቢኖር ይሄን ምክር እቀይረዋለሁ።

ለጥምቀት እንደገና አጎቴ ጋ ልንወጣ ነው። በዚህኛው መኪናውን ከብቶቹ ሚያድሩበት በረት ጎን ከንፋስ ጋርጄ ላቆመው ነው፣ 80 ላይ ቻርጁን ላቆም፣ ጠዋት ደግሞ ፀሀይ እስክትወጣ ቡና ጠጥተን ነው ምንነሳው። ቁጥሩን መጥቼ እጽፍላችኋለሁ።