ፊርማ የሌላት ሴትዮ፦ ከፔንሲልቬንያ የገዛሁት የ1830ዎቹ የዘይት ቀለም ሥዕል

ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ዋጋውን ስለሆነ ከሱ ልጀምር። 850 ዶላር። ሻጩ የጠራው 1,200 ነበር። ለዚህ ብር ያገኘሁት በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የተሳለች አንዲት ሴት ናት። ቁመቱ 76፣ ወርዱ 61 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ዕድሜው ደግሞ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሠዓሊው አይታወቅም፣ ሴትዮዋም አትታወቅም። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው «የአሜሪካ ሠዓሊ፣ 1835 አካባቢ» የሚል ብቻ ነው። በኔ እምነት ከተጠየቀው በላይ የምታወጣ ሥዕል ናት፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ሱቁ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ።

የገዛሁት አዳምስታውን አካባቢ ነው። ከዋሽንግተንና ከሜሪላንድ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው፣ የጥንት ዕቃ መሸጫዎች መንገዱን ይዘው የተደረደሩበት ቦታ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም።

ሴትዮዋ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። እጅጌው ከትከሻ እስከ ክርን ንፍት ያለ ነው፣ ከክርን በታች ግን ክንዷ ላይ ልክክ ብሏል። ይሄ ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፣ ዕድሜ መቁጠሪያ ነው። እንዲህ ያለው እጅጌ የገነነው በ1830ዎቹ መጀመሪያ ነው፣ ከ1836 በኋላ ፋሽኑ አለፈበት። ስለዚህ ሻጩ ያለውን ቢል እጅጌውን ማመን ይሻላል። ፀጉሯ መሀል ለመሀል ተከፍሏል፣ አናቷ ላይ ትልቅ የኤሊ ቅርፊት ማበጠሪያ ተሰክቷል። የተቀመጠችው አረንጓዴ ወንበር ላይ ነው፣ በእጇ ትንሽ መጽሐፍ ይዛ ጣቷን በገጾቹ መሀል አስገብታለች። ያነበበችበት ቦታ እንዳይጠፋባት ነው። የሚጠብቃት ሰው ያለ ይመስል ሠዓሊውን «ቶሎ ጨርስ» የምትል ነው የምትመስለው።

ጣቶቹ ላይ ሠዓሊው ተቸግሯል። መገጣጠሚያ የላቸውም፣ አውራ ጣቷ ከየት እንደሚነሳ እንኳን አይገባም። አብሮኝ የነበረ አሜሪካዊ ጓደኛዬ ይህን አይቶ «ተወው» አለኝ። አንገትጌውን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ዳንቴሉን መጀመሪያ በስሱ ነጭ ቀብቶታል፣ ከዚያ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጥቁር ነጥብ አስቀምጧል። ጠርዙ ላይ ያለውን ክር ደግሞ ወፈር ባለ ነጭ ቀለም ስለሠራው በጎን ስታዩት ከሸራው ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ ሰው እጅ መሳል አልሆነለትም እንጂ ትዕግሥትስ ነበረው። ዳንቴሉን የሠራችው ራሷ ሴትዮዋ ከሆነች ቁጭ ብላ ስታስተያይ ትታየኛለች።

ፊቷ ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፣ ዙሪያቸው በጠራ መስመር ተከቧል፣ ቀጥ ብለው ያዩአችኋል። እኔ ወዲያው የወደድኩት ይሄንን ነው፣ ብዙ አበሻም እንደኔ የሚወደው ይመስለኛል። ከልጅነታችን ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየን ነው ያደግነው። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፣ ክፉው ደግሞ በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጥላ የሌለው ፊት ለኛ ጉድለት አይደለም። አሜሪካ ያለው ሠዓሊ ከጎንደር ተምሯል እያልኩ አይደለም፣ ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ግን ዓይናችን ለዚህ ዓይነት ሥዕል ዝግጁ ነው፣ ሌላው ሰው ሙዚየም ገብቶ የሚማረውን እኛ ይዘነው መጥተናል።

እነዚህ ሠዓሊዎች እነማን ነበሩ ለምትሉ፣ አብዛኞቹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚሠሩ ነበሩ። ካሜራ ገና አልመጣም፣ ዳጌሮታይፕ የሚባለው የመጀመሪያዎቹ ዘመናት የፎቶግራፍ ዘዴ ይፋ የሆነው በ1839 ነው። ገበሬው፣ ባለሱቁ፣ ሐኪሙ መልኩን ለልጆቹ ማቆየት ከፈለገ ያለው አማራጭ እነሱን መጥራት ነው። ዊልያም ማቲው ፕራየር የተባለው በ1831 ሜይን ውስጥ ጋዜጣ ላይ ባወጣው ማስታወቂያ፣ ጥላ የሌለው ጠፍጣፋ ምስል የሚፈልግ በሩብ ዋጋ ይሠራለታል ብሎ ነበር። ስለዚህ ጠፍጣፋነቱ ሁልጊዜ አለማወቅ አይደለም፣ አንዳንዴ የተከፈለው ያህል ነው። አሚ ፊሊፕስ ደግሞ (1788–1865) በኮነቲከት፣ በማሳቹሴትስና በኒው ዮርክ ድንበር ላይ ሃምሳ ዓመት ያህል ሲሠራ ኖረ፣ ከሞተ በኋላ ግን ስሙ ጠፋ። ሥዕሎቹ «የኬንት ሠዓሊ» በሚል ስም ይታወቁ ነበር፣ የሱ መሆናቸው የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። በ1998 ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ ሥዕሉ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጥቷል። ፓሪስ ድረስ ሄዶ የተማረው ሠዓሊ ጆን ቫንደርሊን በ1825 ለወንድሙ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ፣ እንደ ፊሊፕስ አገር ላገር እየዞሩ በርካሽ መሳል ጥሩ እንጀራ እንደሆነ መክሮታል። እንግዲህ የተማረው ያልተማረውን ሲቀና አስቡት።

የኔዋ የፊሊፕስ አይደለችም። ሱቁ ውስጥ የነበረው ጽሑፍ «በፊሊፕስ አሠራር» ይላል፣ ይህ ደግሞ ዋጋ ለመስቀል የሚለጠፍ ቃል ነው። ጥቁር ቀሚስና ጠቆር ያለ ጀርባ ያለው ሁሉ የሱ አይሆንም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ያው ጽሑፍ «ምንም እጅ ያልነካው» ይላል። ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይዤ ስለሄድኩ ጥላ ያለበት ጥግ ወስጄ አበራሁበት። የድሮ ቫርኒሽ በዚህ መብራት አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ያበራል፣ በኋላ የተቀባ ቀለም ግን ጥቁር እድፍ ሆኖ ይታያል። ከጀርባዋ በስተግራ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ቦታ ወጣ። ሸራው ተቀዶ ነበር፣ ተጠግኗል፣ ተቀብቷል። ጥገና ነውር አይደለም፣ ሁለት መቶ ዓመት የኖረ ነገር ይጠገናል። ነውሩ መደበቁ ነው። ፊቷ፣ እጇና ዳንቴሉ ግን ንጹሕ ናቸው፣ ባይሆኑ ኖሮ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም ነበር። ሻጩ መብራቱን ሲያይ ብዙ አልተከራከረም፣ 350 ዶላር ቀነሰ። ይህን ላመሰግነው ይገባል። ገልብጬ ጀርባውን እንዳይ፣ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ እንዳይም ፈቅዶልኛል። ሸራው ከኋላ ሻይ የመሰለ ቡናማ ሆኗል፣ የተወጠረበት እንጨት ላይ ያሉት ምስማሮችም አሮጌ ናቸው፣ ዝገታቸው ሸራው ውስጥ ገብቷል። ክፈፉ ግን አዲስ ነው፣ አላስደሰተኝም።

ሲጠቀልልልኝ ደግሞ ባለ አረፋውን ፕላስቲክ ቀጥታ ቀለሙ ላይ ሊያደርግ ሲል አስቆምኩት። እባካችሁ ይህን አትፍቀዱ። ሙቀት ካለ አረፋው ቫርኒሹ ላይ ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። መጀመሪያ ለስላሳ አሲድ አልባ ወረቀት፣ ከዚያ ካርቶን፣ ፕላስቲኩ ከላይ። ይህን ሥራ ብሎ የያዘ ሱቅ ገዢ እስኪነግረው መጠበቅ አልነበረበትም። ቤት ስትገቡም ከማሞቂያ በላይ አትስቀሉ፣ ራሳችሁም በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ዓይናችሁን ለማሠልጠን ዋሽንግተን የሚገኘው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ሂዱ፣ መግቢያው ነፃ ነው። የጋርቢሽ ቤተሰብ የሰጠው የእንዲህ ዓይነት ሥዕል ስብስብ እዚያ ነው ያለው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሰቀልም፣ የተሰቀለውን ግን ቀረብ ብላችሁ እጆቹን እዩ። ብዙ ሠዓሊ እጅን በሻርፕ፣ በመጽሐፍ ወይም በኪስ ይደብቃል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የዚያን ጊዜ ባልና ሚስት አብዛኛውን ጊዜ በጥንድ ነበር የሚሳሉት፣ እሱ በስተግራ እሷ በስተቀኝ ሆነው ፊት ለፊት ይዞራሉ። የኔዋ ወደ ግራ ዞራለች፣ ስለዚህ ባል ሳይኖራት አይቀርም። ሻጩን ስጠይቀው ከሌላ ነጋዴ ብቻዋን እንደገዛት ነገረኝ። ጥንዶችን መለያየት በዚህ ንግድ የተለመደ ነው፣ እኔ ግን ያሳዝነኛል። ወደ ቀኝ የዞረ፣ አረንጓዴ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ መገጣጠሚያ የሌላቸው ጣቶች ያሉት ሰውዬ በዚሁ ልክ የሆነ ሸራ ላይ ካያችሁ አሳውቁኝ፣ መጥቼ አያለሁ።