አርዲኪት እና የሞለኪውል አሻራ፦ 1.0 «አንድ ነው» ማለት ሳይሆን ሲቀር

ሞለኪውሎችን በኮምፒውተር ለሚያነጻጽር ሰው የመጀመሪያው ሥራ የእያንዳንዱን ሞለኪውል መዋቅር ወደ ቢቶች (0 ወይም 1፣ ማለትም የጠፉ ወይም የበሩ ምልክቶች) ረድፍ መለወጥ ነው። ይህ ረድፍ የሞለኪውሉ አሻራ ይባላል። ለዚህ ሥራ ዘወትር የምጠቀምበት አርዲኪት ምንጩ ክፍት የሆነ፣ በቢኤስዲ ፈቃድ በነጻ የሚገኝ፣ ውስጡ በሲ ፕላስ ፕላስ ተጽፎ በፓይተን የሚታዘዝ ላይብረሪ (የተዘጋጁ የፕሮግራም ተግባራት ስብስብ) ነው። እዚህ የምገመግመው አሻራ የሚያወጣበትንና የሚያነጻጽርበትን ክፍል ብቻ ነው።

ከሚያቀርባቸው የአሻራ ዓይነቶች ሞርጋን የተባለውን አስቀድማለሁ። ይህ አሻራ ከእያንዳንዱ አቶም ተነሥቶ ጎረቤቶቹን፣ ቀጥሎም የጎረቤቶቹን ጎረቤቶች እያካተተ የሚሰፋውን አካባቢ ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ቁጥሩም ብዙውን ጊዜ 2048 ቦታ ካለው ረድፍ ላይ አንዱን ቢት ያበራል። በጽሑፎች ኢሲኤፍፒ4 ተብሎ ከሚጠራው አሻራ ጋር የሚቀራረበው ራዲየሱ፣ ማለትም ከመነሻው አቶም የሚሰፋበት የእርምጃ ብዛት፣ 2 የሆነው ነው፤ 4 ቁጥሩ ዲያሜትሩን ያመለክታልና። አዲሱ የአሻራ አመንጪ ግን ራዲየስ ካልተሰጠው 3 ብሎ ይነሣል፤ ስለዚህ ራዲየሱን ሳይጽፍ የሚያልፍ ሰው ውጤቱን ከሌሎች ውጤት ጋር ሲያስተያይ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ይቸገራል። 166 የመዋቅር ጥያቄዎችን የሚጠይቀው የማክስ ቁልፍ አሻራም አለ፤ የሚመለሰው ረድፍ 167 ቢት የሆነው ዜሮኛው ቦታ ባዶ ስለሚተው ነው።

ማነጻጸሩ በፍጥነት ረገድ የሚያስደስት ነው። የታኒሞቶ መለኪያ የጋራ ቢቶችን ብዛት በሁለቱ አሻራዎች ላይ ለበሩት ልዩ ልዩ ቢቶች ጠቅላላ ብዛት ያካፍላል፦ አንዱ 40፣ ሌላው 50 የበራ ቢት ቢኖረውና 30ው የጋራ ቢሆን 30 ለ60 ተካፍሎ 0.5 ይመጣል። የጋራ ቢቶችን እጥፍ ለሁለቱ አሻራዎች ቢቶች ድምር የሚያካፍለው የዳይስ መለኪያ ለእነዚሁ አሻራዎች 0.67 ገደማ ይሰጣል፤ በመሆኑም የመለኪያውን ስም ሳይጠቅሱ የተመሳሳይነት ቁጥር ብቻ መዘገብ ትርጉም የለውም። 1000 ሞለኪውሎችን እርስ በርስ ማነጻጸር 499,500 ጥንዶችን ማስላት ነው፤ አንዱን አሻራ ከሙሉ ዝርዝር ጋር በአንድ ጥሪ የሚያነጻጽረው ተግባር በፓይተን አንድ በአንድ ከመዞር እጅግ ይፈጥናል።

ተጠቃሚው ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ግን ውጤቱ 1.0 ሲሆን ነው። ከቅባት አሲዶች መካከል ፓልሚቲክ አሲድ 16፣ ስቴሪክ አሲድ 18 በሰንሰለት የተያያዙ ካርቦኖች አሏቸው። በራዲየስ 2 የተሠሩ የሞርጋን ቢት አሻራዎቻቸው ሲነጻጸሩ ታኒሞቶ 1.0 ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የተጨመሩት ሁለት ካርቦኖች የገቡት ከሰንሰለቱ መካከል በመሆኑ አካባቢያቸው ቀድሞ ከነበሩት ካርቦኖች አካባቢ አይለይም፤ ቢት ደግሞ አንድ ቁራጭ መኖሩን እንጂ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ አይመዘግብም። ያው አመንጪ የሚሰጠው የቆጠራ አሻራ ሁለቱን ይለያቸዋል። የላክቲክ አሲድ ሁለት የመስታወት ምስሎችም እንዲሁ አንድ ሆነው ይታያሉ፤ የአቶም አቅጣጫ በአሻራው ውስጥ የሚካተተው ተጠቃሚው ሲያዝ ብቻ ነውና። መድኃኒትነት ባላቸው ውህዶች ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ አንዱ ምስል በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሌላው ላይሠራው ይችላል።

ግብዓትን ማጽዳትም የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው። የሶዲየም ጨው ሆኖ የተመዘገበ ውህድ ሶዲየሙ ካልተወገደና የኤሌክትሪክ ቻርጁ ካልተስተካከለ ከአሲድ መልኩ ጋር ሲነጻጸር ነጥቡ ይወርዳል። የማይነበብ ስማይልስ (የሞለኪውል መዋቅር በፊደላትና በምልክቶች የሚጻፍበት መስመር) ሲገጥመው ላይብረሪው ባዶ ዋጋ ይመልሳል እንጂ ሥራውን አያቆምም፤ ስለዚህ አሻራ ከማውጣት በፊት ባዶዎቹን ለይቶ መመዝገብ ግድ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የምወድለት ባሕርይ አንድ ቢት ከየትኛው አቶም እንደመጣና በምን ያህል ራዲየስ እንደተሠራ ማሳየት መቻሉ ነው። ይህ መረጃ አሻራው ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ከዚያም ቁራጩን በሥዕል ማውጣት ይቻላል። ሁለት የተለያዩ ቁራጮች በአንድ ቢት ላይ ሊያርፉ ስለሚችሉ፣ በአሻራዎች ላይ የተሠራ የትንበያ ሞዴል አንድን ቢት «ወሳኝ ነው» ሲል ሥዕሉን ሳላይ አላምነውም። ግጭቱ ሲያስቸግረኝ ረድፉ ሳይታጠፍ፣ ማለትም ቁጥሮቹ ወደ ጥቂት ቦታዎች ሳይጨመቁ፣ የሚቀመጥበትን መልክ እጠቀማለሁ።

አርዲኪትን ለኬሚስትም ለፕሮግራመርም ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የአሻራውን ዓይነት፣ ራዲየሱን፣ የቢቱን ብዛት፣ ቆጠራ መሆን አለመሆኑንና የአቅጣጫውን ምርጫ ከውጤቱ አጠገብ እስከጻፉ ድረስ።