ፓልም፣ ሱፍ፣ ኑግ ወይስ ቅቤ? ለአዲስ አበባ ማዕድ ቤት የቅባት ንጽጽር

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ሱቆች የዘይት ጀሪካን ፊት ላይ በጉልህ የሚነበበው «ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ለመምረጥ ግን አይረዳም። ኮሌስትሮል የእንስሳት ነገር ስለሆነ የትኛውም የእህል ዘይት የለበትም፣ ፓልምም ጭምር። የደም ኮሌስትሮልን ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው ሳቹሬትድ የሚባለው የሚረጋ ስብ ስለሆነ ጀሪካኑን አዙረው እሱን ይፈልጉ።

በ100 ግራም ሲመዘን የሱፍ ዘይት 11 ግራም ያህል የሚረጋ ስብ አለው፤ የሰሊጥ 14፣ የአኩሪ አተርና የኑግ 15 አካባቢ ነው። ፓልም ከ45 እስከ 50 ይደርሳል፣ የተነጠረ ቅቤ ደግሞ 60ን ያልፋል። ብዙዎች የወደዱት የኮኮናት ዘይት ከ80 በላይ ነውና ለፀጉር ይሁን። በጉልበት ግን ሁሉም እኩል ናቸው፦ 1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ። «ቀላል ዘይት» የሚባል ነገር የለም።

ይህን ወደ ወር አስቤዛ እንመንዝረው። አራት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ሊትር ከጨረሰ (ክብደቱ 4.6 ኪሎ ነው) ለአንድ ሰው በቀን 38 ግራም ይደርሰዋል። ዘይቱ ፓልም ከሆነ ከዚህ ውስጥ ከ17 እስከ 19 ግራሙ የሚረጋ ስብ ነው፤ ሱፍ ከሆነ 4 ግራም ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚረጋ ስብ ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል፤ በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 22 ግራም ነው። ፓልም ተጠቃሚው ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሳይነካ ወደ ጣሪያው ተጠግቷል ማለት ነው። በ3 ሊትር የሚብቃቃ ቤት ግን በፓልምም ቢሆን ወደ 11 ግራም ይወርዳል። ዋጋው ለማያፈናፍነው ቤተሰብ ከዘይቱ ዓይነት በፊት መጠኑን መቀነስ ይቀድማል። ሽንኩርቱን ውሃ ጠብ እያደረጉ ካቁላሉና ዘይቱን ኋላ ከጨመሩ ለ1 ኪሎ ሽንኩርት 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ ተኩል ያህል፣ ይበቃል።

ፓልምን ለመለየት ስሙን ማመን አይበቃም። ፊቱ ላይ «ቬጂቴብል ኦይል» ብቻ ተጽፎ ጀርባው ላይ «ፓልም ኦሊን» (የፓልም ፈሳሹ ክፍል) የሚል ብዙ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ግን አይዋሽም፦ ማታ መስኮት ሥር ያስቀመጡት ፓልም ጠዋት ከታች ነጭ ሆኖ ረግቶ፣ ከላይ ደፍርሶ ያገኙታል። የሱፍ ዘይት ጥርት ብሎ ያድራል። ሱፍ ብለው የገዙት በፍሪጅ አንድ ሌሊት አድሮ ትንሽ ጭጋግ ቢያሳይ አያስደነግጥም፤ ከሥር ወፍሮ ከረጋ ግን ፓልም ተቀላቅሎበታል ብለው ይጠርጥሩ።

ፓልም የሚበልጥበት ቦታ አለ፤ እሱም ብዙ ዘይት የሚፈላበት መጥበሻ ነው። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ደጋግሞ የሚጠብስ ሰው በሱፍ ወይም በኑግ ቢሠራ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ኦሜጋ 6 የሚባለው የማይረጋ ስብ የበዛበት ቅባት በሙቀትና በአየር ቶሎ ስለሚሰባበር። ከ180 ዲግሪ አያሳልፉት። ዘይቱ አረፋው አልበርድ ሲል፣ ሲጠቁር፣ የመጥበሻው ጠርዝ እንደ ሙጫ ሲጣበቅ ወይም ከወትሮው ቀድሞ ሲጨስ ይድፉት። አዲስ ዘይት ጨምሮ ማደስ አሮጌውን አያድነውም።

ኑግ በጾም ሽሮና በጎመን ላይ ጣዕሙ የሚተካው የለም፤ ከሱፍም ይበልጥ ኦሜጋ 6 አለው። ችግሩ ያለው አጨማመቁ ላይ ነው። ከኑጉ ጋር የአርጌሞን አረም ፍሬ ሳይለቀም ከተጨመቀ፣ ውስጡ ያለው መርዝ ሁለቱንም እግር ያሳብጣል፣ ልብንም ይጎዳል። በከተማችን ከዚህ በፊት ደርሷል፤ ማፍላትም አያስወግደውም። በሃይላንድ ጠርሙስ ያለ ጽሑፍ የሚሸጠውን ይተዉት። ማን እንደጨመቀውና መቼ እንደተመረተ የተጻፈበትን፣ በአንድ ጊዜ ከ1 ሊትር ሳይበልጥ ይግዙ፤ ያልተጣራ ከሆነ ቶሎ ይሻግታል።

ቅቤ ደግሞ ዋጋው ያታልላል። ሾላ ገበያ ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ተብሎ ሲሸጥ ከሚመዘነው ውስጥ ውሃና አሬራ አለበት፤ 1 ኪሎ ሲነጠር 800 ግራም ገደማ ይወጣል፣ ውሃ የበዛበት ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ የተከፈለውን ዋጋ ለ0.8 ያካፍሉና ከሌላው ቅባት ጋር ያን ጊዜ ያወዳድሩ። ሙዝ ወይም ድንች የተለወሰበትን ማወቅ ቀላል ነው፦ አንድ ማንኪያ ሲያቀልጡ ሥሩ ላይ ዝቃጭ ይቀራል። የረጋ የአትክልት ቅባት ከተቀላቀለበት ግን በቤት ሙከራ አይያዝም፤ መድኅኑ የታወቀ ነጋዴ ነው። በዓል ሲሆን ግማሽ ኪሎ ለጋ ተነጥሮ ዶሮ ወጥ ላይ ቢወርድና 12 ሰው ቢካፈለው ለአንድ ሰው 20 ግራም የሚረጋ ስብ ነው። ለፋሲካ ማንም አይከለክልዎትም፤ በየቀኑ ሽሮ ላይ ሲሆን ነው ጣጣው።

«የአትክልት ቅቤ» ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው ላይ «ፓርሻሊ ሃይድሮጅኔትድ» (በሃይድሮጅን በከፊል የረጋ) የሚል ካዩ መልሰው ያስቀምጡት። ትራንስ ፋት የሚባለው ነው፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ያደርጋል። በዚህ ንጽጽር ውስጥ ጥቅም የሌለው ቅባት ይሄ ብቻ ነው።

የወይራ ዘይት ጥሩ ነው፤ ለሰላጣ ከሆነ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ይበቃል። ተመሳሳይ ቅባት በአቮካዶ ውስጥ አለ፣ ጭማቂ ቤት ሽሮፕ ሳያደርጉበት ከተበላ።

ሱፍም፣ ኑግም፣ ሰሊጥም የማይሰጡት አንድ ነገር ኦሜጋ 3 የሚባለው የስብ ዓይነት ነው። ሰውነት ራሱ አይሠራውም። አኩሪ አተር ትንሽ አለው፤ ተልባ ግን ሞልቶታል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ለአዋቂ የቀኑን ይሸፍናል። የተፈጨው ቶሎ ስለሚሻግት ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ይፍጩ፤ የተልባ ዘይትን ደግሞ እሳት ላይ አይጣዱት።

ለአራት ሰው ቤት እኛ የምንገዛው ይህን ነው፦ ለወጥ 3 ሊትር ሱፍ፣ ለጾሙ 1 ሊትር ኑግ፣ ግማሽ ኪሎ ተልባ፣ ቅቤ ለበዓል። ቫይታሚን ኤ እና ዲ የተጨመረበት ዘይት ካለ እሱ ይቅደም፤ ቫይታሚን ኤ ብርሃን ስለሚያጠፋው ጀሪካኑን ከምድጃው አጠገብና ከመስኮት አርቀው ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት። ጎመንና ካሮት ላይ ዘይት ጨርሶ አይቅር፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ከሌለ ያለው ቫይታሚን በቅጡ አይመጠጥም።