መካድና ለጊዜው ማቆየት፦ ጭንቀትን የምንከላከልባቸው ሁለት መንገዶች

በሐዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ አንዲት እናት ጡቷ ላይ እብጠት ዳሰሰች እንበል። የመጀመሪያው መንገድ መካድ ነው፤ «ብርድ ይሆናል» ብላ እጇን ታነሣለች፣ የሐኪም ቤት ነገር ሲነሣ ወሬ ትቀይራለች፣ ጭንቀቷም በእርግጥ ይቀልላታል። ሁለተኛው ሆን ብሎ ማቆየት ነው፤ ለሐሙስ የምርመራ ቀጠሮ ትይዝና፣ እስከዚያ ስለ እብጠቱ ላለማሰብ ወስና፣ ዓሣዋን እያገላበጠች ደንበኞቿን ታስተናግዳለች።

ከውጭ ለሚያያት ሰው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም አታለቅስም፣ ሥራዋንም አታቋርጥም። ነገር ግን መካድ ሳይታወቅ የሚሠራ በመሆኑ እብጠቱን ከነሕክምናው ከሐሳቧ ያወጣዋል፤ ማቆየት ግን የሚያርቀው ስሜቱን እንጂ ችግሩን አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆርጅ ቫይላንትም ይህን ሁለተኛውን ከበሰሉት የአእምሮ መከላከያዎች ተርታ አሰልፈውታል።

መርዶ በተሰማባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት «አይሆንም!» ማለት አእምሮ ድንጋጤውን ቀስ በቀስ እንዲቀበል ጊዜ ስለሚሰጥ፣ መካድን ሁሉ አልኮንንም። ሕክምና በሚያሻው በሽታ ላይ ሳምንታት ሲያስቆጥር ግን አደገኛ ነው፤ እንዲህ ያለችውን እናት በክርክር ለመርታት ከሚሞክር ሰው ይልቅ «ሐሙስ አብሬሽ ልሂድ» የሚላት ዘመድ ይበልጥ ይጠቅማታል ብዬ አምናለሁ።