ኦክስ ቦው ኢንሲደንት ወይስ ሲልቨር ሎድ? የድሮ ካውቦይ ፊልም መግዛት ለፈለገ

ሁለቱም ብዙ ብር ያልወጣባቸው፣ ሁለቱም ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች፣ ነገራቸውም አንድ ነው፦ ወሬ ሰምቶ ሰው ሊገድል የተነሳ ከተማ። አንዱን ብቻ ግዛ ብትሉኝ ኦክስ ቦውን ነው ምገዛው።

የ1943 ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሩ ዊልያም ዌልማን፣ ጥቁርና ነጭ፣ 75 ደቂቃ። ቦታው ኔቫዳ፣ ዘመኑ 1885። አንድ ከብት አርቢ ተገደለ ይባላል፣ ሸሪፉ ከተማ ውስጥ የለም፣ ሰዉ ፈረስ ጭኖ ይወጣና ሌሊት ከአርቢው ከብቶች ጋር ተኝተው ያገኛቸውን ሦስት ሰዎች ይይዛል፣ ከብቱን ገዝተን ነው ይላሉ ግን ደረሰኝ የላቸውም፣ በቃ ያቺ ደረሰኝ ናት ጉዳቸውን ያፈላችው (እኛስ ያለ ደረሰኝ ስንቱን ገዝተናል)። ሄንሪ ፎንዳ አለበት ብላችሁ አክተሩ ሽጉጥ መዞ ሁሉን ሲያስተካክል አትጠብቁ፣ እሱም አብሮ የወጣ ሰው ነው፣ ስቅላቱን ከሚቃወሙት ሰባት ሰዎች አንዱ ብቻ። ከተያዙት አንዱ ለሚስቱ የጻፈውን ደብዳቤ ሲያነብ የጓደኛው ባርኔጣ ጠርዝ የፎንዳን ዓይን ይሸፍነዋል፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚቀራችሁ፣ እኔ እዚህ ጋ ሁሌም ዝም እላለሁ። ጫካው ስቱዲዮ ውስጥ የተሰራ መሆኑ ያስታውቃል፣ ግን መታፈኑን ጨመረበት እንጂ አልጎዳውም።

ሲልቨር ሎድ የ1954 ነው፣ የአለን ድዋን፣ ባለ ቀለም። ጁላይ 4፣ ሰውየው ሊሞሸር ሲል ማርሻል ነኝ ባይ መጥቶ ወንድሜን ገድለህ 20,000 ዶላር ሰርቀሃል ይለዋል፣ ትናንት የሚያከብረው ከተማ ሁላ በሰዓታት ውስጥ ይገለበጥበታል። የከሳሹ ስም ማካርቲ ነው፣ ዓመቱን ካያችሁ ያኔ ሰዉን ያለ በቂ ማስረጃ ኮሚኒስት እያለ ይከስ በነበረው በአሜሪካው ሴናተር ማካርቲ ላይ የተወረወረች ድንጋይ መሆኗ ይገባችኋል። ተኩስና ሩጫ ከፈለጋችሁ ይሄ ይሻላል፣ ሰውየው ከተማውን ሲያቋርጥ ካሜራው ሳይቆረጥ አብሮት የሚሮጥበት ሾት ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። ትወናው ላይ ግን ከሳሹን ከሚጫወተው ከዳን ዱርዬ በቀር ብዙ አትጠብቁ።

ኮፒ ስትመርጡ፣ ኦክስ ቦው ተራ ዲቪዲም ይበቃዋል፣ ሲልቨር ሎድ ግን ግማሽ ውበቱ ቀለሙ ስለሆነ የደበዘዘ ኮፒ በርካሽ ከምትገዙ ብትተዉት ይሻላል። ሪጅኑንም (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሰራ የሚለየውን ኮድ) እዩ፣ የአሜሪካ ብሉሬይ ኤ ነው፣ አውሮፓና ኢትዮጵያ ቢ፣ ከአሜሪካ ለቤተሰብ የምትልኩ ማጫወቻቸው ሁሉንም ሪጅን ይቀበል እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ።