የማህሙድ «ሙሉ ሥራዎች» እየተባለ የሚሸጠውን ሳጥን እንዳትገዙ

ቅዳሜ ዕለት 9,500 ብር ተበላሁ። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም፤ ጽሁፉ ቢረዝም ይቅርታ።

ማህሙድ አህመድ ጥር 2017 ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን ካቀረበ ወዲህ በስሙ የሚነግደው በዝቷል። እኔን የበላኝ ሳጥን ነው። የሚያምር የእንጨት ሳጥን፣ ውስጡ አስር ሲዲና አንድ ወፍራም መጽሔት። ክዳኑ ላይ በወርቃማ ቀለም «የስልሳ ዓመት ጉዞ፣ ከኦሪጅናል ማስተር የተቀዳ» ይላል፤ ከመጀመሪያው የስቱዲዮ ቅጂ ማለታቸው ነው። ለአባቴ ልደት ነበር የገዛሁት።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ስሙን ባልጠራም ታውቁታላችሁ። ገና ከበሩ «ግቢ እህቴ፣ ማየት በነጻ ነው» የሚለው፣ ወንበር ስቦ «ቡና ልዘዝልሽ» የሚለው፣ ዋጋ ስትጠይቁት ደግሞ «ላንቺ ነው እንጂ» ብሎ የሚጀምረው።

ክፈትልኝና ልስማው አልኩት። «የታሸገ ከተከፈተ ስጦታ አይሆንም» አለኝ። ከመሳቢያው ሌላ ሲዲ አውጥቶ «ያው ይሄው ነው» ብሎ አጫወተልኝ። ድምጹ ጥርት ያለ ነበር፤ መለከቱ ለብቻው፣ ጊታሩ ለብቻው ይሰማል። እኔም አመንኩ። ከመሳቢያ የወጣው ሲዲ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ጋር ምን እንደሚያገናኘው እንኳ አልጠየቅኩም። እዚያው በሞባይል ከፈልኩ። ደረሰኝ ስለው በእጅ ጽፎ ሰጠኝ፤ «የስጦታ ዕቃ 1» ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ይህንንም አይቼ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ራሴን የምረግመው በዚህ ነው።

አባዬ 78 ዓመቱ ነው። ማህሙድ ለእሱ ዘፋኝ ብቻ አይደለም። የመርካቶ ልጅ፣ ሊስትሮ ሆኖ የሠራ፣ አሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሳለ አንድ ምሽት ጥላሁን ገሠሠ ሲቀር «እኔ ልዝፈን» ብሎ መድረክ የወጣ፣ ከዚያም የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ባንድ የገባ ሰው ነው። ይህንን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ መቶ ጊዜ ነግሮኛል። የማህሙድ የሙዚቃ ሸክላዎቹ ቤት ስንቀይር ተሰባብረው አለቁ። እኔም ሳጥኑን ሳየው የጠፋበትን ሁሉ አንድ ላይ የምመልስለት መስሎኝ ነበር።

እሁድ ከምሳ በኋላ የድሮ ማጫወቻውን አቧራውን ጠርገን ሦስተኛውን ሲዲ አስገባን። «ኧረ መላ መላ» ጀመረ። አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። ጣቱ ጉልበቱ ላይ ምቱን ይከተላል። እናቴ የቡናውን ረከቦት ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እኔ ደግሞ ፊቱን እያየሁ ገንዘቡ ሲያንሰው ነው እያልኩ ነበር። ዘፈኑ አጋማሽ ላይ ሙዚቃው በድንገት ዝቅ አለ። ከዚያ የአንድ ጎረምሳ ድምጽ መጣ። «ቻናላችንን ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ፣ የደወል ምልክቷንም ይጫኑ»።

ሙዚቃው ተመልሶ ከፍ አለ። ማህሙድ መዝፈኑን ቀጠለ።

አባዬ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ማጫወቻውን፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «ማን ነው ይሄ ልጅ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከዩቲዩብ አውርደው፣ ማስታወቂያውን ለመቁረጥ እንኳ ሳይደክሙ ነው ሲዲ ላይ የገለበጡት። «ኦሪጅናል ማስተር» ያሉት ይህንን ነው።

ማታ ቁጭ ብዬ አስሩንም ሰማኋቸው። አምስተኛውና ስምንተኛው አንድ ናቸው፤ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ብቻ ተቀይሯል። ሁለት ዘፈኖች መጨረሻቸው ሳይደርስ ተቆርጠዋል። አንዱ ላይ የሚዘፍነው ጭራሽ ማህሙድ አይደለም፣ ጥላሁን ነው።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን አራተኛው ነው። «የሸክላ ዘመን» ብለው ጽፈውበታል። አባዬ ሁለት ደቂቃ ሰምቶ «ይሄ መለከት አይደለም፣ ኪቦርድ ነው፤ ከበሮውም የማሽን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ዘፈኖቹ የድሮ ናቸው፣ ቀረጻው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ድምጹ የማህሙድ ነው፣ የሌላ ዘመን ማህሙድ። የአንድን ሰው ዕድሜ ልክ ሥራ በአንድ ሳጥን የምንገዛው እኮ ለውጡን ልንሰማ ነው። ከክቡር ዘበኛ መለከቶች ፊት የሚጮኸው ወጣት አለ፤ ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያለው አለ፤ በኋላ በካሴቱ ዘመን ድምጹ የበሰለው አለ። እነዚህን ደባልቆ በውሸት ዓመት መሸጥ የሰውየውን ታሪክ ማጥፋት ነው።

መጽሔቱስ? የባንድ ስም የለ፣ የአቀናባሪ ስም የለ፣ የተቀረጸበት ዓመት የለ። ገጽ 12 ላይ «ማህሙድ በወጣትነቱ» የሚል ፎቶ አለ። ፎቶው የሌላው ዘፋኝ፣ የዓለማየሁ እሸቴ ነው! ያንን ጸጉር የማያውቅ አለ? ፈረንሳዮቹ ኢትዮፒክስ የተባለውን የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበም 7ኛ ቅጽ፣ የማህሙድን፣ ሲያሳትሙ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቀረጸ መሆኑን፣ ከአይቤክስ ጋር የተሠራ መሆኑን ጽፈው ነው። እዚሁ አገሩ ላይ፣ ከተወለደበት ሰፈር ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ለፎቶው እንኳ የሚጠነቀቅ ጠፋ።

ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ይዤ ሄድኩ። ቡና የለ፣ ወንበር የለ። ተቀጣሪው ልጅ «ታዲያ ማህሙድ አይደል እንዴ የሚዘፍነው?» አለኝ። የሰብስክራይቡን ቦታ አስከፍቼ አሰማሁት። ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ፊቴ ላይ ሳቀ። ባለቤቱ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «እህቴ፣ በዘጠኝ ሺህ ብር ራሱን ማህሙድን ቤትሽ ላምጣልሽ?» አለኝ። ቅዳሜ «ላንቺ ነው እንጂ» ሲለኝ የነበረው ሰው ነው። ገንዘቤን ስለው ደረሰኙን አሳየኝ። «የስጦታ ዕቃ ነው የሚለው፤ ስጦታ አይመለስም» አለኝ። ለካ ደረሰኙን እንደዚያ የጻፈው አስቦበት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል ስለው «እሱን ለጠበቃ ንገሪው» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ከገንዘቡ በላይ «ማን ነው ይሄ ልጅ?» ያለው የአባዬ ፊት ነው የታየኝ።

እነዚህ ሰዎች የሚተማመኑት ሲዲ ማጫወቻ ያለው ሰው ስለሌለ ነው። ሳጥኑ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ማንም ሳይከፍተው ዓመት ያልፋል። እኛ ጋ ማጫወቻው ባይኖር እኔም እስከ ዛሬ እያመሰገንኳቸው ነበር።

የግድ የምትገዙ ካላችሁ እዚያው አስከፍታችሁ ከሳጥኑ ውስጥ የወጣውን ሲዲ፣ ከመሃሉ፣ ስሙ። ዓመትና የባንድ ስም ያልተጻፈበትን ተዉት። ደረሰኝ ላይ የዕቃው ስም በትክክል ይጻፍ።

አባዬ ማታ አልጋው ስር ካለው ካርቶን አንድ ካሴት አውጥቶ፣ የላላውን ክር በእስኪርቢቶ አጠንጥኖ ከፈተው። ይንሿሿል፣ ግን ማህሙድ ነው። ሳጥኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ነገ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ተመልሼ እሄዳለሁ።